ዴንዚል ሆካዴይ ያልነበረበት ትርኢት

ስለዚያ ቀን ሁለት ወሬ አለ።

የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ፒርስ እንዲህ ይላል፦ ተዋናይ ዴንዚል ሆካዴይ ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ይህንኑ አረጋግጧል።

አዳራሹን ሞልተው የነበሩት ልጆችና ወላጆቻቸው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ዴንዚል ሆካዴይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። በሳቅ ገድሎናል። ሲያበቃም እጅ ነስቶን ነው የወጣው።

ከሁለት አንዱ ይዋሻል ትሉ ይሆናል።

ማንም አልዋሸም።

እኔ እዚያው ነበርኩ... ከመድረኩ ጎን፣ ጽሑፉን በእጄ ይዤ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው የገና ሰሞን፣ ክሊትሆርፕስ በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማችን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሌሊት አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ "ጨለማው አታሎህ ነው" ማለት ስለሚቀናው አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ያየሁትን ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ አወራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን እሞክራለሁ... ቀላል ባይሆንም።

ዴንዚል ሆካዴይ ፊቱን የምታውቁት፣ ስሙን ግን የማታውቁት ዓይነት ተዋናይ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥንም በፊልምም ታይቷል። ግን ምን ሆኖ? በር ከፍቶ "ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል" የሚለው አሽከር። ከሁለቱ ፖሊሶች ዝም የሚለው። ሬሳ ላይ ተደናቅፎ የሚጮኸው ቄስ። "አዝናለሁ፣ የተቻለንን አድርገናል" ብሎ የሚወጣው ሐኪም።

ይህ አያስንቅም። ሥራ ነው። አሽከሩ በደንብ ካልተጫወተ ጌታው ጌታ አይመስልም።

የሚያስንቀው ሰውየው ራሱ ነበር። ከአንድ ዝነኛ ጋር በአንድ ሊፍት ከወጣ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝነኛውን "ወዳጄ" እያለ ያወራል። ሚስቶቹ ጥለውት ሄደዋል። እሱ ግን "ተሰጥኦዬ ከበዳቸው" ይላል። ሁለተኛዋ ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ ለማንም ቃል ተናግራ አታውቅም ይባላል። መጦሪያ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየች ትውላለች።

ይህን ሲተርክ ይስቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ቤታችን የገባው።

እናቴ ግሌኒስ ለተጓዥ ተዋናዮች ክፍል ታከራያለች። ከለንደን የሚመጣ ተዋናይ ሁሉ ያውቃታል። ሰውን በሙሉ "ዳክዬዬ" ነው የምትለው፤ ፖስተኛውንም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁንም፣ ቄሱንም። ስትስቅ መጀመሪያ ታፍነዋለች፤ ከዚያ እንደ ማንቆርቆሪያ ትፍለቀለቃለች፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ስርቅታ ታመልጣታለች። በረዶ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ ደግሞ ግራ እግሯን ትጎትታለች።

ዴንዚል በመጣ ማግስት ቁርስ ላይ ተቀምጠን ነበር።

"እመቤቴ፣" አለ፣ ሳህኑን በሹካው ጫፍ እየነካካ። "ይህ እንቁላል ነው ወይስ የእንቁላል መታሰቢያ?"

"ዝም ብለህ ብላ፣ ዳክዬዬ።"

"ለንደን ውስጥ ይህን ያቀረበ ሰው ይከሰሳል።"

"ለንደን ሥራ ቢሰጥህ ኖሮ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?"

ተነሥቶ ጋዜጣውን ከኮሪደሩ ሊያመጣ ወጣ። በሩን እንደከፈተው ተወው።

"አይ አንተ!" አለች እናቴ። "አርባ ዓመት ሙሉ የሰው በር ስትከፍት ኖረህ፣ የእኔን መዝጋት እንዴት ያቅትሃል? ብርዱ ገባ እኮ!"

በራሷ ቀልድ ራሷ ሳቀች። አፈነችው... ተፍለቀለቀች... ስርቅታዋ መጣች።

ዴንዚል ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ አፏን ያያል።

ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

*

በገና ሰሞን በየከተማችን ለልጆች የሚቀርብ ጨዋታ አለ። ጎልማሳ ወንድ ቀሚስ ለብሶ አሮጊት ይሆናል፤ ወጣት ሴት ደግሞ ሱሪ ታጥቃ ጀግናውን ትሆናለች። ያን ዓመት አሮጊቷ እመት ፑዲንግ ትባላለች፤ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት። ጀግናውን ልጇን ታምሲን የምትባል ልጅ ነበረች የምትጫወተው። እመት ፑዲንግን... ዴንዚል።

በዕድሜው የመጀመሪያው ዋና ድርሻ ነበር። እመት ፑዲንግን የሚቀዳበት ሰው ያስፈልገው ነበር።

ቁርስ የምታቀርብለት ሴት አጠገቡ ነበረች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተመለስኩ ወዲህ እዚያው ቲያትር ቤት ነው የምሠራው። ከመድረኩ ጎን ቆሜ ጽሑፉን እከታተላለሁ፤ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ እላለሁ፤ መጋረጃውን የሚያወርደውንም ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ።

ልምምድ በተጀመረ በሳምንቱ ዴንዚል ግራ እግሩን እየጎተተ ገባ።

ታምሲን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "እናትህን ቁጭ!" አለች።

ሳቅን። እውነት ነው፣ እኔም ሳቅሁ።

በሌላው ቀን "ዳክዬዬ" ማለት ጀመረ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ መጀመሪያ ሻካራ፣ ቆይቶ ለስላሳ። ፒርስ ከአዳራሹ መሐል እየዘለለ ያጨበጭባል። "ሕያው ናት! ሕያው ሴት ናት!" ይላል። ፒርስ ቀለም ገና ያልደረቀ ግድግዳ ቢያይም የሚያጨበጭብ ሰው ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቀጥ ብላ ትራመዳለች።

"እማዬ... እግርሽ?"

"ተሻለኝ። ዛሬ ስነሣ አላመመኝም።"

ሐኪሙም አይቷት ተደስቷል። ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ ያለሽ ብለዋታል። ታዲያ እኔን ምን ሆድ አስባሰኝ?

እንጃ።

ቁርስ ላይ ቀልድ አቆመች። ተከራዮቹ ሲያሾፉባት፣ ሳህኑን አንሥታ ዝም ብላ ትሄዳለች። ዴንዚል ይከተላታል፤ ዓይኑን ይጥልባታል፤ ማንኪያ ስታነሣ የእሱ ጣቶች ጠረጴዛ ሥር ይነሣሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ "ሮዋን፣ ሻይ አለ" አለችኝ።

"ለምንድነው ሮዋን የምትይኝ?"

"ታዲያ ስምህ ማነው?"

"ዳክዬዬ ነበር የምትይኝ።"

ቆመች። አሰበች... ረጅም ጊዜ አሰበች።

"ዳክዬ?" አለች። "ኩሬ ላይ የምትዋኘውን?"

የቀልድ አልነበረም።

*

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። በገና ጨዋታ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በልምምድ ወቅት የሚናገር የለም። ጽሑፉ ላይ ተጽፈዋል፤ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደረስ አሮጊቷን የሚጫወተው ሰው ዝም ብሎ እጅ ይነሳል። ስንኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነገሩት ተመልካች ፊት ነው። ቀድሞ የተናገራቸው ሰው መጥፎ ዕድል ይጠራል ይባላል። የተማርኩ ነኝ የምለው እኔ እንኳ ደፍሬ አላልኳቸውም።

ትርኢቱ ሊከፈት ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዴንዚልን መልበሻ ክፍሉ ድረስ ሄጄ አናገርኩት። መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ዊጉን ያበጥራል።

"አቶ ሆካዴይ፣ እናቴ ታማለች።"

"ለዚህ ነዋ!" አለ ሳይዞር። "ዛሬ ቁርሱ ጨው አልነበረውም።"

"ምን እያደረጉባት እንደሆነ ያውቃሉ።"

ያኔ ዞረ። ፈገግ አለ... በእሷ ፈገግታ።

"ወጣቱ ምሁር! ሰው ምንድነው? አረማመድ ነው፣ አነጋገር ነው፣ ሳቅ ነው። ይህን ከወሰድክለት የሚቀረው ሥጋ ነው። ሥጋ ደግሞ ሉካንዳ ቤት ሞልቷል።"

"ይመልሱላት።"

"ምን ልታደርግበት? ለፖስተኛ ልትስቅበት? ያን የመሰለ ሳቅ ሳህን ስታጥብበት ኖረች! ባለጌነት ነው። እኔ ለአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አደርገዋለሁ።"

"የእርስዎ አይደለም።"

"ገና ነው።" ማበጠሪያውን አስቀመጠ። "አንድ ድርሻ የሚያልቀው የመጨረሻው ቃል ተመልካች ፊት ሲነገር ነው። እስከዚያ ድረስ የውሰት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የእኔ። ሁለት ስንኝ ነው የቀረኝ፣ ዳክዬዬ።"

እጄን ለማንሣት ያን ያህል የቀረብኩበት ጊዜ የለም። ግን አላነሣሁም። ድምፁ የእናቴ ነበር።

ለፒርስ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

"በሕይወቴ ምርጧን አሮጊት አግኝቼ አንተ ስለ እናትህ ሳቅ ታወራለህ? ሂድ፣ ገመዶቹን ፈትሽ።"

ስለዚህ በራሴ ወሰንኩ። ሁለቱ ስንኞች ከመድረሳቸው በፊት መጋረጃውን አወርዳለሁ። ሥራዬን ቢያሳጣኝም አወርደዋለሁ።

*

የመክፈቻው ቀን ጠዋት እናቴ የቀዘቀዘ ሻይ ፊት ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ፣ ዛሬ አትምጪ። እዚሁ ሁኚ።"

"እሺ" አለች። ድምፁ የማንም አልነበረም።

የቲያትር ቤቱ ሕግ እንደሚለው፣ ትርኢቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በየመልበሻ ክፍሉ እየዞርኩ አንኳኳሁ።

"ግማሽ ሰዓት፣ አቶ ሆካዴይ!"

ደግሜ አንኳኳሁ።

"አቶ ሆካዴይ?"

ከውስጥ ሳቅ መጣ። የታፈነ... ከዚያ የተፍለቀለቀ... ከዚያ ስርቅታዋ።

እንደዚያ አስመስሎት አያውቅም። በሩን ሳልከፍት ትቼው ሄድኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጋረጃውን ከፈትኩ።

እመት ፑዲንግ ከወዲያኛው በኩል ገባች።

ይህን ልብ በሉ። የዴንዚል ክፍል ከእኔ ወገን ነው። ወደ ወዲያኛው ለመሻገር ከኋላዬ ባለችው ጠባብ መንገድ ማለፍ ግድ ነው። ያ ሰፊ ቀሚስ ሳይነካኝ አያልፍም።

ማንም አላለፈም።

ልጆቹ ገና ሲያዩዋት ጮኹ። እግሯን እየጎተተች መሐል ደረሰች፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እንዴት ዋላችሁ፣ ዳክዬዎቼ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዴንዚል አርባ ዓመት ሲለምነው የኖረው ሳቅ ነበር።

ታምሲን ከአንድ ዘፈን በኋላ ወደ እኔ ወጣች። ከቀለሙ ሥር ፊቷ ነጥቷል።

"ሮዋን..."

"ምነው?"

"ምን ሽቶ ተቀብቶ ነው?"

"ምን ይሸታል?"

"የተጠበሰ ዳቦና ሳሙና። የእናንተ ወጥ ቤት ነው የሚሸተው።"

"ሌላስ?"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ስንጨፍር እጁን ያዝኩት።"

"እና?"

"ጓንቱ ታጠፈ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ውስጡ ምንም የለም፣ ሮዋን... እንደ ባዶ ካልሲ ታጠፈ።"

የሷ ተራ ደረሰ። ተመልሳ ገባች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተጠጋ። ሠርጉ ተደገሰ፤ ክፉው ተቀጣ። ሁሉም ተሰለፉ። እመት ፑዲንግ ወደ ፊት ራመድ አለች። ጣቴን ቁልፉ ላይ አኖርኩ።

አሁን!

ዞር አለች... ወደ ልጆቹ ሳይሆን ወደ እኔ።

ከወፍራሙ ቀለም ጀርባ የማን ፊት እንደነበር አላውቅም። አስተያየቱን ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"አትዝጋው፣ ዳክዬዬ" አለች በሹክሹክታ። "ገና አልተሰናበትኳቸውም እኮ።"

ሳምንታት ሙሉ ያልሰማሁት ቃል ነበር።

ጣቴ እንቢ አለኝ።

እሷም ወደ አዳራሹ ዞራ፣ በሙሉ ድምፅ፦

"ልጆች ደኅና ግቡ፣ ጨዋታው አለቀ፤
ዕድሜው ይርዘምለት ከእኔ ጋር የሳቀ!"

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። እጅ ነሣች። እየጎተተች... ወደ ወዲያኛው ወገን ወጣች።

ታምሲን ወደ ዴንዚል ክፍል ሮጠች፤ ወዲያው ጮኸች።

ስንደርስ የዴንዚልን በር ከፍታ ቆማለች። ዴንዚል በካናቴራ፣ መስታወቱ ፊት ተቀምጧል። ግማሽ ፊቱ ተቀብቷል፤ ግማሹ አልተቀባም። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ፒርስ ትከሻውን ነካው፤ እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

"በርዷል" አለ። "ቆይቷል..."

ቀሚሱ የለም። ዊጉ የለም። ጓንቶቹ የሉም።

"ታዲያ ማን ነው የተጫወተው?" አለች ታምሲን።

 ፒርስ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና፣ "ለማታው ማንን እናገኛለን?" አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ የሐዘን ቃል ያ ብቻ ነው።

እኔም ከዚያ የተሻልኩ አይደለሁም። የሟቹን ግማሽ ፊት እያየሁ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ዴንዚል ሆካዴይ ከእናቴ የወሰደውን ሁሉ በአካሉ ላይ ሰበሰበ፤ አካሉ ከዳው፤ የተሰበሰበው ግን ተነሥቶ ሥራውን ሄደ። የዕድሜውን ምርጥ ትርኢት ያቀረበው ራሱ በሌለበት ነው። እሱ ራሱ አላስፈለገም ነበር።

ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ስንኞቹ ተነግረዋል።

*

በባሕሩ ዳር ሮጥኩ። ገና አልመሸም፤ ሰማዩ ግን አመድ መስሏል።

እናቴ ወጥ ቤት፣ ያው ወንበር ላይ ናት። ሻዩ አልተነካም።

"እማዬ?"

ቀና አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም... ሐዘንም፣ ድካምም። የእንግዳ ሰው ፎቶግራፍ የማይ መሰለኝ። እጇን ያዝኩት። ሙቅ ነው። እጅ ነው።

"ታውቂኛለሽ?"

"ልጄ ነህ" አለች ቀስ ብላ። "እሱን ማንም አልወሰደብኝም።"

የፊት በር ተንኳኳ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ፣ ሁለት እጇ ተይዞ ሲቸግራት፣ በክርኗ ነው የምታንኳኳው። የክርን ድምፅ ነበር።

"ዳክዬዬ! ክፈትልኝ፤ ምን ዘጋህብኝ!"

ከወጥ ቤቱ ሆኖ ኮሪደሩ ይታያል። በበሩ ላይ ባለው ብዥ ያለ መስታወት በኩል ሰፊ ቀሚስና ከፍ ያለ ዊግ ቆመዋል።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"አንቺማ እዚህ ነሽ።"

"አይደለም። እሷ ናት እኔ።"

ከውጭ ሳቅ መጣ። ታፈነ... ተፍለቀለቀ... ስርቅታዋ አመለጠች። እናቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ሩቅ አገር የሚዘፈን ዘፈን እንደምትሰማ።

"ደስ ይላል" አለች። "እንዲህ ነበርኩ?"

"እንዲህ ነበርሽ።"

"ከእሷ ጋር ደስ ይልህ ነበር?"

  ዓይኖቼ ወደ በሩ ሄዱ... እሷም አየችኝ።

ቀስ ብላ ተነሣች። ካፖርቷን ለበሰች፤ የካፖርቷን አምስት ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፈች።

"እማዬ፣ ተይ... ተቀመጪ።"

መስታወቱ ላይ ነጭ ጓንት ተለጠፈ። አምስቱም ጣቶች ተዘረጉ። ከዚያ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ታጠፉ... እናቴ የካፖርቷን ቁልፎች በቆለፈችበት ቅደም ተከተል።

እናቴ አየቻቸው። አልደነገጠችም። ጉንጬን ነካችኝና፣ ውጭ ያለችውም እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

"እኔ በጓሮ በር እወጣለሁ። አንተ ለእሷ ክፈትላት" አለች።